ታድሶ ለወጣ ባለ ቱርቦ ሞተር ዘይት አመራረጥ፦ ከቶርኖ ቤት እስከ ግቤ ዳገት

ሞተር ወርዶ፣ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቶርኖ ቤት ደርሶ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚያርፍበት ቅርፊት) ተቀይሮ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተስተካክሎ እስኪገጠም ድረስ ባለመኪናው ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። በመጨረሻ «ምን ዘይት እንጨምርበት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አዲስ ስለሆነ ወፍራም ይሁንለት» የሚል ነው። ባለ ቱርቦ ሞተርን እንደዚህ ምክር የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ታድሰው በወጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቱርቧቸው የሚያፏጭና የሚያጨስ መኪኖች ብዙዎቹ የተበላሹት በቱርቦው ጥራት ማነስ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ንጹሕና በቂ ዘይት ስላልደረሳቸው ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ጅማና ዙሪያዋ በብዛት የሚሠሩትን ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተሮች ይመለከታል፦ የሃይሉክሱን 2ኬዲ፣ የፕራዶውን 1ኬዜድና 1ኬዲ፣ የሚትሱቢሺ ኤል200ን 4ዲ56፣ ቱርቦ ያላቸውን አይሱዙዎች። የቤንዚን ቱርቦ ሌላ ጠባይ ስላለው ለብቻው ወደ ታች ተጽፏል።

ቱርቦው ከዘይቱ ምን ይፈልጋል?

በጭሱ ኃይል ዞሮ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉና ብሮንዚኑ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ሲሆን እሱን የሚሞላው ዘይት ነው። በአንደኛው ጫፍ የሚያልፈው የጭስ ሙቀት ጭነት ሲበዛ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ይወጣል። ቶሎ ካልደረሰና በብዛት ካልፈሰሰ ሁለቱንም ሥራ አይሠራም።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ያንኑ የአየር ግፊት ለመስጠት ቆላ ላይ ከሚዞረው በላይ መዞር አለበት። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ደግሞ ከሰኮሩ በኋላ ወደ ግቤ በረሃ መውረድ፣ ከድልድዩ በኋላ በሙቀት ውስጥ ረጅሙን ዳገት በከባድ ማርሽ መውጣት አለ። ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ወደ ሊሙ፣ ወደ ጎማና ወደ ጌራ ገጠር የሚገቡ መኪኖች በበኩላቸው አቧራ እየዋጡ በዝግታ፣ በከፍተኛ ዙር ይሠራሉ። ዘይቱ የሚመረጠው ይህን ሁሉ ታሳቢ አድርጎ ነው።

አንደኛ፦ ከቶርኖ ቤት ልኩን ይያዙ

የዘይት ውፍረት የሚወሰነው በብሮንዚን ክፍተት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ተቆርጦ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብሮንዚን ከገባለት፣ የእያንዳንዱ አንገት (ብሮንዚኑ የሚያቅፈው የክራንኩ ክብ ክፍል) ልክ ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሲገጠምም በፕላስቲጌጅ ይለካ፦ ቀጭኑ የላስቲክ ክር አንገቱ ላይ ይጋደማል፣ ካፑ በልኩ ይጠብቃል፣ ተፈትቶ ክሩ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ከማሸጊያው ላይ ካለው መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ክሩ ሳይነሳ ክራንኩን እንዳያዞሩት፤ ካዞሩት ልኩ ይበላሻል።

መነሻ የሚሆነው ደንብ የአንገቱ ዲያሜትር አንድ ሺህኛ ነው። 60 ሚሊ ሜትር አንገት 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ትክክለኛውን ወሰን የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ይሰጣል። ልኩ በወሰኑ ውስጥ ከሆነ ባለ 40 ዘይት ይበቃዋል። ከወሰኑ ካለፈ ይበልጥ ወፍራም በሆነው 20ደብሊው-50 ለመሸፈን አይሞክሩ። የግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ ያስደስት ይሆናል፤ ግፊት ግን ዘይቱ ለማለፍ መቸገሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ በብዛት መፍሰሱን አያረጋግጥም። የሰፊ ክፍተት መድኃኒቱ ሞተሩ ሳይዘጋ ብሮንዚኑን መቀየር ወይም ክራንኩን ወደ ቶርኖ ቤት መመለስ ነው።

ሁለተኛ፦ ቁጥሮቹን ያንብቡ

15ደብሊው-40 ላይ «40» የሚለው ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ይናገራል፤ ሴንቲስቶክ በሚባለው የውፍረት መለኪያ ከ12.5 ጀምሮ ከ16.3 በታች መሆን አለበት። ባለ 30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ነው። «15ደብሊው» ደግሞ የቅዝቃዜ ጠባዩ ሲሆን ሞተር የማስነሳት ፈተናው የሚደረገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። የጅማ ብርድ ወደዚያ ስለማይደርስ ለብርድ ብሎ 0ደብሊው ወይም 5ደብሊው መግዛት አያስፈልግም።

በጣሳው ፊት ላይ የማይጻፍ፣ ለቱርቦ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ሌላ ልክ አለ፦ በ150 ዲግሪ፣ በከፍተኛ መፋተግ ውስጥ ዘይቱ የሚቀርለት ውፍረት። 15ደብሊው-40 በዚህ ፈተና (መለኪያው ሌላ ነው፣ ሚሊፓስካል-ሴኮንድ) ቢያንስ 3.7 ማምጣት አለበት፤ ለባለ 30 ዘይት የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 2.9 ነው። ግቤ ዳገት ላይ ብሮንዚኑን የሚያድነው ይህ ልዩነት ነው።

«40 ቁጥር» ተብሎ ብቻውን የሚሸጠው ነጠላ ዘይትስ? ሲሞቅ ከ15ደብሊው-40 ጋር እኩል ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ግን በጣም ይወፍራል፣ ቱርቦው ዘንድ የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው። ለአሮጌ ቱርቦ አልባ ሞተር ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ ሥራ አይሁን።

ሦስተኛ፦ ደረጃውን ይምረጡ

ጣሳው ጀርባ ላይ ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላት ውስጥ «ሲ» የናፍጣ፣ «ኤስ» የቤንዚን ነው። ለታደሰ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሲአይ-4 ይፈልጉ። ከ2002 ጀምሮ ያለ ደረጃ ነው፤ ጥላሸትን በትኖ የመያዝ አቅሙ ጥሩ ነው፣ ሰልፈሩ እስከ 0.5 በመቶ ለሚደርስ ናፍጣም ታስቦ የተሠራ ነው። ሲኤች-4 ከእሱ በፊት የነበረ ሲሆን ሲአይ-4 ካልተገኘ ለማላመጃው ጊዜ (አዲሶቹ ክፍሎች እርስ በርስ ለሚላመዱበት የመጀመሪያ ጉዞ) ይሠራል። ሲኬ-4 በ2016 መጨረሻ የመጣ አዲስ ደረጃ ነው፤ የጭስ ማጣሪያ ለተገጠመላቸው አዳዲስ መኪኖች ተገቢው እሱ ነው፣ ሰልፈሩ ዝቅ ያለ ናፍጣ ግን ይፈልጋል። ኤፍኤ-4 የሚል ካዩ አይግዙ፤ ስስ ነው፣ ለእነዚህ ሞተሮችም አልተሠራም።

ሲኤፍ-4 እና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ምንም ደረጃ ያልተጻፈበትን፣ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠውን ይተዉት። የብራንዱ ስም ከነዚህ ፊደላት በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

ሚኒራል ወይስ ሲንተቲክ?

ለማላመጃው ሚኒራል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካ በሲንተቲክ ይወጣሉ፤ የእነሱ ሲሊንደር ግን በፋብሪካ ማሽን እጅግ ለስልሶ ያለቀ ነው። ቶርኖ ቤት በእጅ ሆኒንግ የተደረገ (ውስጡ በሞረድ የተፋቀ) ሲሊንደር የተጠላለፉት ጭረቶቹ ሻካራ ናቸው፤ ፋሻው ጫፋቸውን አሽቶ ቦታውን መያዝ አለበት። ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው፤ ካመለጠ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልስና ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ይጠጣል። ሚኒራሉ ርካሽ በመሆኑ ቶሎ ቶሎ ለመድፋትም አያሳሳም፤ ለዚህ ደረጃ ትልቁ ጥቅሙ ምናልባትም ይኸው ነው።

የ2ኬዲ ሃይሉክስ ፊልትሮውን ጨምሮ 7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር አራት ጊዜ ስለሚሞላ 28 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሁለት ባለ 5 ሊትር ከአንድ ዓይነትና ከአንድ ሱቅ ይግዙ። ፊልትሮም አራት ያስፈልጋል። ሲገዙ የክዳኑን ማሸጊያ ቀለበት ይመልከቱ፣ በጀሪካኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን በጣትዎ ይዳስሱ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል ተነስቶ እንደገና የተለጠፈ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የተቃጠለ ሽታ ያለው ወይም ሲፈስ ቀለሙ የሚለያይ ዘይት ይመለስ። «ዘይት ማወፈሪያ» ተብሎ በትንሽ ጣሳ የሚሸጠውን ምንም አይጨምሩ።

አራተኛ፦ ከመነሳቱ በፊት መንገዱን ማጽዳት

ምርጡ ዘይትም በቆሸሸ መንገድ ቢያልፍ ቆሻሻ ይዞ ቱርቦው ይገባል። 1ኬዲ እና 2ኬዲ ላይ የሚታወቅ ችግር አለ፤ ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች ሲያልቁ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ላይ ያመልጥና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ወደ ጥቁር ቅጥራንነት ይለወጣል፣ ይደርቃል፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱን አውጥተው ወደ ብርሃን ቢይዙት ቀዳዳዎቹ በጥላሸት ቅርፊት ተሸፍነው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው አንድ ጥግ ብቻ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚሞተው ቱርቦው ነው። ስለዚህ ሞተሩ በወረደበት ወንፊቱ ይታጠብ ወይም ይቀየር፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። አሮጌ ሮንዴላ በእሳት አሙቆ መመለስ እዚህ ቦታ አያስተማምንም።

ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጡ ካርቦን ይይዛል። በሽቦ ጠርጎ ከመመለስ አዲስ መግጠም ይሻላል፤ የተላቀቀው ካርቦን የሚሄደው ቱርቦው ውስጥ ነውና። በዚህ ቱቦ ላይ ሲሊኮን በፍጹም አይቀባም። የመመለሻው ወፍራም ቱቦም ዘይት የሚያወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ መታጠፍም ሆነ ወደ ውስጥ በገባ ሲሊኮን መጥበብ የለበትም። ከጠበበ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ይከማችና ወደ ጭስ መውጫ ያልፋል፤ ባለመኪናውም ደህናውን ቱርቦ ይቀይራል። የሞተር መተንፈሻ ቱቦ ሲደፈን የሚታየውም ምልክት ተመሳሳይ ነው።

የቀድሞው ቱርቦ ተሰብሮ ከነበረ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ወርዶ ይታጠብ። ውስጡ የቀረው ዘይት ሞተሩን ያለ ናፍጣ ሊያስነሳውና ቁልፍ ቢዘጋም እየጮኸ ዙሩን እንዲጨምር ሊያደርገው ይችላል። ይህ ቢደርስ ወደ ሞተሩ ውስጥ ሳያጎነብሱ፣ ማርሹን ወደ ከፍተኛው አስገብተው ፍሬኑን ረግጠው ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ያጥፉት።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ማስነሳት

ፊልትሮው ቀጥ ብሎ የሚገጠም ከሆነ ዘይት ይሙሉበት፣ ወደ ጎን የሚገጠም ከሆነ ወረቀቱ እስኪርስ ድረስ። በቱርቦው የዘይት መግቢያ ቀዳዳ ንጹሕ የሞተር ዘይት እያንጠባጠቡ የቱርቦውን የፊት ማራገቢያ በጣት ያዙሩ፤ በመመለሻው በኩል መውጣት ሲጀምር ይበቃል። የዘይት ቱቦውን ለጊዜው ሳያጠብቁ ጫፉን ንጹሕ ጣሳ ውስጥ ያድርጉት።

የናፍጣውን መንገድ ይዝጉ። ዲፎርዲ (1ኬዲና 2ኬዲ) ላይ የኢንጀክተሮቹን ሶኬቶች መንቀል፣ በአሮጌዎቹ ላይ የማጥፊያ ሶሌኖይዱን ሽቦ መንቀል ይበቃል። ከዚያ 10 ሴኮንድ ያህል በሞተሪኖ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፣ ይድገሙ። አረፋ የሌለው ዘይት ከቱቦው ጫፍ ሲወርድ ቱቦውን አጥብቀው የግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ይቀጥሉ። ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ አይተው የጎደለውን ይሙሉ፤ ከላይኛው ምልክት ግን አይለፍ፣ ካለፈ ክራንኩ ይመታውና አረፋ ይሆናል።

አሁን ሶኬቶቹን መልሰው ያስነሱ። የመጀመሪያዎቹን 30 ሴኮንዶች ጋዝ አይንኩ። ግፊቱ ከመጣ በኋላ ዙሩን ከ1,500 እስከ 2,000 እያለዋወጡ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያሠሩት፣ የሙቀት መለኪያውን እያዩ፣ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ እየፈተሹ። አዲስ ሞተርን ግማሽ ቀን በሥራ ፈት ዙር ማዋል የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ጭነት የሌለው ሞተር ፋሻውን ወደ ሲሊንደሩ አይገፋውም፣ ያለሰልሰዋል እንጂ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቦታው መንገድ ላይ ነው።

ስድስተኛ፦ ማላመጃው

ለመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በሰርቦ በኩል ያለው መንገድ ይመቻል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ከ40 እስከ 70 በሰዓት ጋዙን ከግማሽ በላይ ሰጥተው ያፍጥኑ፣ ከዚያ እግርዎን አንስተው መኪናው ራሱ እንዲቀንስ ይተዉት፤ አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙ። ከ3,000 ዙር አይለፉ፣ ጭነት አይጫኑ። ከ500 በኋላ አጋሮ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ግቤን ለመሻገር 1,500 ይጠብቁ፤ የመጀመሪያውም ጉዞ ቀለል ያለ ጭነት ይሁን።

ዘይትና ፊልትሮው በ100፣ በ500 እና በ1,500 ኪሎ ሜትር ይቀየራሉ፣ ዘይቱ ትኩስ እያለ፣ በማፍሰሻው ቡሎን ላይ አዲስ ሮንዴላ ገብቶ። በየጊዜው የወጣውን ፊልትሮ ቀድደው ይዩ። በብረት መጋዝ አይቁረጡት፣ የመጋዙ ፍቅፋቂ ውስጡ ይገባል፤ ጠርዙን በመሮ ወይም በጣሳ መክፈቻ ያንሱት። ወረቀቱን አውጥተው ዘርግተው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጨምቁትና ጨርቁን ፀሐይ ላይ ያዩታል። በ100 ኪሎ ሜትሩ ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ መኖሩ የተለመደ ነው። ማግኔት የሚያነሳው ከፋሻና ከሲሊንደር፣ ማግኔት የማያነሳው ብልጭ የሚል ነጭ ከፒስተን ወይም ከአሉሚኒየም ክፍል፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚጎብጥ ለስላሳ ቅርፊት ከብሮንዚን፣ ቢጫ ወይም ቀይ ብልጭታ ከቱርቦው ብሮንዚን ወይም ከሌላ የነሐስ ክፍል ሊሆን ይችላል። በ500 ብናኙ በግልጽ መቀነስ አለበት። በዓይን የሚቆጠር ቅርፊት ካለ ሞተሩን አያስነሱ፤ ኮፓውን ያውርዱ።

የናፍጣ ዘይት በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር መጥቆሩ አያስደንግጥ፣ ጥላሸቱን በትኖ መያዙ ነው። መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ግን ኢንጀክተር ወይም የናፍጣ ፓምፕ ያፈሳል። ክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት መታየት በአጭር የከተማ ጉዞና በክረምቱ እርጥበት ሊመጣ ይችላል፤ የራዲያተሩ ውኃ አብሮ ከጎደለ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ።

ከ5,000 በኋላ

ሞተሩ ዘይት መጠጣቱን ካቆመ በ5,000 ኪሎ ሜትር ወደ ዘለቄታው ዘይት ይሸጋገሩ። አቅም ከፈቀደ 5ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-40 ሲንተቲክ፣ ደረጃው ከሲአይ-4 ያላነሰ፤ ቱርቦው ውስጥ ካርቦን ሆኖ የመጋገር ዝንባሌው ያነሰ ነው። በሚኒራል 15ደብሊው-40 መቀጠልም ይቻላል፣ በየ5,000 ከተቀየረ። ገጠር እየገባ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ለሚውል መኪና ኪሎ ሜትሩ አይተማመኑበት፤ ከ200 እስከ 250 የሥራ ሰዓት መቁጠር ይሻላል። የአየር ፊልትሮውን ቤትና ቱቦዎቹን አብረው ይፈትሹ፦ በአንድ ስንጥቅ የሚገባ አቧራ ዘይቱ ውስጥ የአሸዋ ወረቀት ይሆናል።

የቤንዚን ቱርቦ ያለው፣ በተለይም ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ከሆነ፣ የከባድ መኪና ሲአይ-4 ዘይት አይጨምሩበት። በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም በዝቅተኛ ዙር ጋዝ ሲሰጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዲፈነዳ ያግዛል፣ ፒስተን ይሰብራል። በ2020 የወጣው ኤስፒ ደረጃ ይህን ለመከላከል የተፈተነ ስለሆነ እሱን በመጽሐፉ በተጻፈው ውፍረት ይጠቀሙ።

ከዳገት ወጥተው ወዲያው ቁልፍ አይዝጉ። ሰኮሩ ለምሳ ሲቆሙ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይዙር፤ ዘይቱ እየፈሰሰ ዘንጉን ያቀዝቅዘው። ትኩስ ሞተር በሥራ ፈት ዙር ላይ የግፊት መብራቱ ብልጭ ካለ በዘይት ለውጥ ለማለፍ አይሞክሩ፦ መጀመሪያ መጠኑን ይዩ፣ ቀጥሎ እውነተኛ የግፊት መለኪያ አስገጥመው ያረጋግጡ፣ ግፊቱ በእርግጥ ዝቅ ካለ ኮፓውን አውርደው ወንፊቱን ይመልከቱ።